ጅራፍና ክንድ፦ ራስን ሳይጎዱ የመወርወር ሳይንስ

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ሲቃረብ፣ ወደ ጅማ በሚያመራው መንገድ ላይ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮው አየር ጤና ሰፈር ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ከተማው እየተጨናነቀ ሲሄድ ጩኸቱ እየሳሳ ቢመጣም ጨርሶ አልጠፋም። ጅራፍ በእጀታው በኩል ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ግምድ መሆኑን አንባቢያን ያውቃሉ። ልጁ ክንዱን ሲያወናጭፍ እጀታው ያን ያህል አይፈጥንም። ይሁን እንጂ እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ክፍል ወደ ቀጭኑ በተላለፈ ቁጥር ተንቀሳቃሹ አካል እየቀለለ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጫፉ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት አልፎ ይሄዳል። የምንሰማው ጩኸት ግምዱ ከግምዱ ጋር ተጋጭቶ የሚፈጠር ሳይሆን፣ ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ከሚያሰማው ፍንዳታ ጋር አንድ ዓይነት ክስተት ነው።

የሰው ልጅ ድንጋይ፣ ጦር ወይም ኳስ ሲወረውርም አካሉ በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። እጀታው እግር ነው፤ ቀጥሎ ዳሌ፣ ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ በመጨረሻም ጣት ይመጣሉ። ልዩነቱ ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ ቢበጠስ በሌላ ሲተካ፣ የክርን ጅማት ግን በቀላሉ የማይተካ መሆኑ ነው።

በአየር ጤናም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ በትምህርት ቤት ሜዳና ሁለት እንጨት ተተክሎ መረብ በተወጠረበት ክፍት ቦታ ሁሉ፣ መረብ ኳስና እጅ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶችን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ብዙዎቹ ኳሱን የሚመቱት ወይም የሚወረውሩት በክንዳቸው ብቻ ነው። እግራቸው ተተክሎ፣ ወገባቸው ደርቆ፣ ትከሻቸው ብቻውን ይለፋል። በዚህ መልክ ሁለትና ሦስት ዓመት የተጫወተ ተማሪ ክንዱን ከራሱ በላይ ማንሳት ሲያመው «ስፖርት ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጦር ውርወራ ተወዳዳሪዎችም ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደሉም። የወንዶች ጦር 800 ግራም፣ የሴቶች 600 ግራም ይመዝናል፤ የወንዶች እጅ ኳስ ደግሞ ከ425 እስከ 475 ግራም ነው። በአንጻሩ ስለ ክንድ ጉዳት ከሁሉም በላይ የተጠናበት የቤዝቦል ኳስ 145 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ቢሆንም፣ ወርዋሪዎቹ የከፈሉት ዋጋ ለእኛ ወጣቶች ትምህርት ይሆናል።

ከዲኪካ እስከ ገደሞታ

የውርወራ ታሪክ ምስክሮች በአብዛኛው የሚገኙት በዚሁ በአገራችን አፈር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአፋር ክልል ዲኪካ በተባለ ሥፍራ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። «ሰላም» የተባለችው ይህች ሕፃን ሉሲ ከምትመደብበት ከአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ዝርያ ናት። ከሷ የተገኙት ሁለት ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ከድንጋዩ ተለቅመው እስኪወጡ ዓመታት ፈጅቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። የክንድ አጥንት የሚሰካበት ጎድጓዳ ክፍል እንደ ዝንጀሮ መሰሎቹ ወደ ላይ ያዘነበለ ነበር። ይህ ዓይነቱ ትከሻ ቅርንጫፍ ለመያዝና ለመውጣት ይመቻል፤ አፈትልኮ ለሚሄድ ውርወራ ግን አይመችም።

ቺምፓንዚ ከሰው የበለጠ ጡንቻ እንዳለው ይታወቃል። ሆኖም ጎልማሳ ቺምፓንዚ የሚወረውረው ነገር ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልምምድ ያለው የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ያፈጥናል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የሃርቫርዱ ኒል ሮችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት መልስ ይሰጣል። ሰው ሲወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ያጥፈዋል፤ በዚያች ቅጽበት የትከሻው ጅማቶችና ጡንቻዎች እንደ ላስቲክ ይወጠራሉ። ሲለቀቁ ደግሞ ያጠራቀሙትን ኃይል በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። ክንዱን ወደፊት ለማሽከርከር ከሚያስፈልገው ሥራ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ከተወጠረ ላስቲክ ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው፤ እነርሱም እንደ ልብ የሚዞር ረጅም ወገብ፣ ወደ ጎን የሚመለከት የትከሻ ጎድጓዳ እና የላይኛው ክንድ አጥንት ጥምዛዜ ማነስ ናቸው። እነዚህ በአንድነት ተሟልተው የታዩት ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሆሞ ኢሬክተስ ላይ እንደሆነ ጥናቱ ያስረዳል።

ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ገደሞታ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ ከባልጩት የተሠሩ ሹል መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ሹሎች በማጉያ መነጽር መረመሩ። ባልጩት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በምን ፍጥነት እንደተጓዘ የሚያሳይ እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ ምልክት በላዩ ላይ ይቀራል። በእጅ ተይዞ የተወጋ መሣሪያና ተወርውሮ የተሰካ መሣሪያ የሚተዉት ምልክት አንድ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሹሎች በእርግጥም የተወርዋሪ ጦር ጫፎች ነበሩ ከሚል መደምደሚያ ደርሰዋል። ይህ እውነት ከሆነ ስምጥ ሸለቋችን ጦር ወርዋሪዎች ሲመላለሱበት የኖረ የጥንት ሜዳ ነው ማለት ነው።

እነዚያ አዳኞች ግን በቀን ስንት ጊዜ ይወረውሩ ነበር? አሥር? ሃያ? በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ጊዜ፣ ያውም በሙሉ ኃይል፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን መወርወር የዘመናዊ ስፖርት ፈጠራ ነው። የጉዳቱም ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትከሻችን ለመወርወር የተሠራ ነው፤ ያለ ማቋረጥ ለመወርወር ግን አልተሠራም።

በክርን ላይ የተንጠለጠለ ጀሪካን

የአንድ ሠልጣኝ ወርዋሪ ክንድ ኳሱን ለመልቀቅ ሲሽከረከር ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 7,000 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያው ፍጥነት መቀጠል ቢችል ኖሮ በአንድ ሴኮንድ 19 ጊዜ ሙሉ ዙር በዞረ ነበር። በሰው አካል ላይ ከተለኩ የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም። ድርጊቱ የሚጠናቀቀው በጥቂት መቶኛ ሴኮንዶች ውስጥ ስለሆነ ዓይን ሊከተለው አይችልም።

ክንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ወደፊት ሊወነጨፍ ሲል የታችኛው ክንድ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የላይኛው ወደፊት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ክርን ከውስጥ በኩል ለመከፈት ይሞክራል። ይህን መክፈት የሚቃወመው ጠምዛዥ ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ በአዋቂ የቤዝቦል ወርዋሪዎች ላይ 64 ኒውተን ሜትር ገደማ ሆኖ ተለክቷል። ቁጥሩ ለብዙ አንባቢ ደረቅ ስለሚሆን በቤታችን ዕቃ እንመንዝረው። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ወደ መሬት የሚስበውም ኃይል 196 ኒውተን ነው። ከክርን እስከ መዳፍ መካከል ያለውን ርቀት 33 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው 196 በ0.33 ሲባዛ 65 ኒውተን ሜትር ይመጣል። እንግዲህ ክንድዎን ወደ ጎን አጥፈው፣ በመዳፍዎ ላይ ሙሉ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ክርንዎን በማይታጠፍበት አቅጣጫ ሲገነጥለው ያስቡ። ወርዋሪው ኳስ በወረወረ ቁጥር የሚሆነው ይህ ነው።

በክርን ውስጠኛ ጎን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዝ አጭር ጅማት አለ። በቤተ ሙከራ ከሞቱ ሰዎች ክንድ ላይ ተወስዶ ሲፈተን ከ30 እስከ 35 ኒውተን ሜትር አካባቢ ላይ ይበጠሳል። ስሌቱን አስተውሉ፤ ጅማቱ የሚችለው የጭነቱን ግማሽ ብቻ ነው። ታዲያ በየውርወራው የማይበጠሰው ለምንድን ነው? ቀሪውን ጭነት ጣትንና አንጓን የሚያጥፉት የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች ስለሚሸከሙለት ነው። ጡንቻ ግን ይደክማል። በደከመ መጠን የራሱን ድርሻ ወደ ጅማቱ ያሸጋግራል፤ ጅማት ደግሞ ከመሰንጠቁ በፊት «ደከመኝ» የሚል ምልክት እምብዛም አይሰጥም።

ይህን በራሱ አካል ላይ ያየው ሰው ቶሚ ጆን ይባላል። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ግራኝ ወርዋሪ የነበረው ይህ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1974 የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ይህ ማለት የጨዋታ ዘመኑ ፍጻሜ ማለት ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ አንድ ቀጭን ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ አጥንቶች ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች አሳልፎ ሰፋው። የመሳካቱ ዕድል ከመቶ አንድ ያህል ነው ተብሎ ነበር። ቶሚ ጆን የ1975ን የውድድር ዘመን ሙሉ ለሙሉ ካሳለፈ በኋላ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989 ተጫወተ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱን ያሸነፈውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚወሰደውን ጅማት አንባቢ በራሱ እጅ ላይ ሊፈልገው ይችላል። አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት አገናኝቶ አንጓን ትንሽ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው። በአንጓው መካከል ገመድ የመሰለ ነገር ተወጥሮ ብቅ ይላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ጨርሶ የለም፤ የሌለውም ሰው ምንም አይጎድልበትም። ሐኪሙ ያለ ሥጋት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀዶ ሕክምናው ስኬት ግን አንድ አሳሳች እምነት አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት መሠረት ከአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ወርዋሪዎች ከመቶው 25ቱ ይህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። «ቢበጠስም ይጠገናል» የሚለው አስተሳሰብ እስከ ታዳጊዎች ድረስ ወርዷል። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ መጽናኛ ሊሆን አይገባም። ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ዓመት የማያንስ ማገገሚያ፣ በቅርብ የሚከታተል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የእኛ መድኃኒት መከላከል ነው።

ጉልበቱ የሚነሳው ከመሬት ነው

በቴኒስ ሰርቭ ላይ በተደረጉ ስሌቶች ወደ ኳሱ ከሚደርሰው ጉልበት ግማሽ ያህሉን የሚያመነጩት እግር፣ ዳሌና ወገብ ናቸው። ከዚያው ስሌት የሚገኝ ሌላም ነገር አለ። ከዳሌና ከወገብ የሚመጣው ጉልበት በ20 በመቶ ቢቀንስ፣ ኳሱ በቀድሞው ኃይል እንዲሄድ ትከሻው ሽክርክሪቱን በ34 በመቶ መጨመር አለበት። በሌላ አነጋገር ሰነፍ እግር ዕዳውን የሚያስከፍለው ትከሻን ነው።

በዚህ ረገድ የጉግስ ፈረሰኛ ልዩ ጉዳይ ነው። እግሩ በእርካብ ላይ ስለሆነ መሬትን ገፍቶ ጉልበት ማግኘት አይችልም። ነገር ግን ፈረሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ዘንጉ ገና ሳይወረወር በሴኮንድ 11 ሜትር ፍጥነት አለው። የጎደለውን እግር ፈረሱ ተክቶለታል ማለት ነው። ከማማ ላይ ሆኖ ወፍና ጦጣ የሚያባርረው የሰብል ጠባቂ ደግሞ በሌላ መንገድ ችግሩን ፈትቶታል። ወንጭፉ የክንዱን ርዝመት እጥፍ ካደረገው፣ በተመሳሳይ የሽክርክሪት ፍጥነት ድንጋዩ በእጥፍ ይፈጥናል። አያቶቻችን ቀመሩን ባይጽፉትም ክንድን ከማድከም መሣሪያን ማስረዘም እንደሚሻል አውቀዋል።

ፈረስም ወንጭፍም የሌለው የሜዳ ተጫዋች ማድረግ ያለበት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ግራ እግሩን ወደ ዒላማው ያራምዳል። በቤዝቦል ጥሩ የሚባለው እርምጃ ከወርዋሪው ቁመት ብዙም የማያንስ ነው፤ በእጅ ኳስና በጦር ውርወራ ልኩ ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። የፊተኛው እግር መሬት ሲረግጥ ጣቶቹ ወደ ዒላማው ያመለክታሉ። እጅግ ወደ ጎን ከረገጠ ዳሌው ይቆለፋል፤ እጅግ ከከፈተ ደግሞ ደረቱ ያለጊዜው ይዞራል። እግሩ በረገጠበት ቅጽበት ክንዱ ተነስቶ፣ ክርኑ ከትከሻው ጋር እኩል ከፍታ ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፤ ደረት ግን ለጥቂት መቶኛ ሴኮንድ ወደ ኋላ ይዘገያል። ጅራፉ የሚወጠረው በዚህች መዘግየት ነው። ደረታቸው ከእግራቸው መርገጥ ቀድሞ በሚዞር ወርዋሪዎች ላይ የክርን ጭነት ከፍ እንደሚል በመለኪያ ተረጋግጧል።

ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ያለውን ክፍል ብዙ አሠልጣኝ ይዘነጋዋል። በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ክንድ መቆም አለበት፤ የሚያቆሙትም ከትከሻ ጀርባ ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ወርዋሪው ወገቡን አጥፎ፣ ክንዱን በደረቱ ላይ አሻግሮ እስከ ተቃራኒው ጉልበት እንዲወርድ ከፈቀደለት የማቆሚያው ጊዜ ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። የታክሲ ሾፌር ቀስ ብሎ ፍሬን ሲይዝና በድንገት ሲረግጥ በተሳፋሪው አንገት ላይ ያለውን ልዩነት ማሰብ ይበቃል።

መቁጠርም ሙያ ነው

አወራወርን ማስተካከል ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ይበቃል ብሎ ማመን አይገባም። እንዲያውም ለአንድ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚጠቅመው መሣሪያ እስክሪብቶና ደብተር ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በቀዶ ሕክምና የታከሙ ታዳጊ ወርዋሪዎች ካልተጎዱት ጋር ተነጻጽረው ነበር። ክንዳቸው ደክሞ እያለ ዘወትር የሚወረውሩት 36 እጥፍ፣ በዓመት ከስምንት ወር በላይ የሚወዳደሩት አምስት እጥፍ፣ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ80 በላይ የሚወረውሩት አራት እጥፍ ያህል ለጉዳት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 481 ታዳጊዎችን ለአሥር ዓመት ተከታትሏል። በዓመት ከ100 የጨዋታ ዙር በላይ የወረወሩት ለከባድ ጉዳት የነበራቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ 3.5 እጥፍ ነበር። ከእነዚህ ጥናቶች በኋላ በወጣው የአሜሪካ መመሪያ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ቀን ከ95 ጊዜ በላይ እንዳይወረውሩ ተወስኗል፤ ብዙ ከወረወሩም ለቀናት እንዲያርፉ ይገደዳሉ።

ለታዳጊዎች ጥንቃቄው የሚጠብቀው በእድገት ምክንያት ነው። በልጅ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ። በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው ይህ ክፍል በወንዶች እስከ 15 ወይም 17 ዓመት ገደማ አይደድርም፤ በሴቶች ቀደም ብሎ ይደድራል። እስከዚያ ድረስ ከጅማቱ ይልቅ ደካማው እሱ ነው፤ አዋቂ ላይ ጅማቱ ሲበጠስ፣ ልጅ ላይ ጅማቱ የአጥንቱን ጫፍ ይዞት ይነሳል። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ክርኑ አካባቢ ሕመም ሲሰማው «ይለምዳል» ማለት ስሕተት ነው።

ከጨዋታ በፊት የሚደረግ ማሟሟቂያም ጥቅሙ ተለክቷል። በኖርዌይ 660 ያህል የእጅ ኳስ ተጫዋቾች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ የትከሻ ጡንቻን የሚያጠነክርና የጀርባን እንቅስቃሴ የሚጨምር የአሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ የትከሻ ችግር የመግጠም ዕድላቸው በ28 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። እነሱ የተጠቀሙበትን የልምምድ ላስቲክ ከጎማ ጥገና ቤት በሚገኝ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ መተካት ይቻላል። አንዱን ጫፍ ከምሰሶ ጋር አስሮ፣ ክርንን ከጎን አጣብቆ፣ መዳፍን ወደ ውጭ በዝግታ መሳብና በዝግታ መመለስ ከትከሻ ጀርባ ያሉትን ያንን የፍሬን ሥራ የሚሠሩ ጡንቻዎች ያጠነክራል። ዝግታው ዋናው ነገር ነው።

ጉዳት ከደረሰም በኋላ የሚደረገው ነገር ወሳኝ ነው። ክርን ሙሉ በሙሉ አልዘረጋ ካለ፣ ሕመሙ ሌሊት ከቀሰቀሰ፣ ወይም ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ከደነዘዙ ውርወራ ወዲያውኑ መቆም አለበት። ለወጌሻ ያለን አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያበጠ ክርንን መጎተትና አጥብቆ ማሸት የተነሳውን የአጥንት ጫፍ ይበልጥ ሊያርቀው ይችላል። ከልክ በላይ ተጠብቆ የታሰረ ክንድም የደም ዝውውሩ ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት እንዳስከተለ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ዘግበዋል። ቀላሉ የራጅ ምርመራ በቅድሚያ መደረግ ይኖርበታል።

በመጨረሻም በጉዳዩ ላይ የራሳቸውን ሙከራ ማድረግ ለሚሹ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ካሉት ስልኮች አንዳንዶቹ በሴኮንድ 240 ምስል ያነሳሉ። ስልኩን በወርዋሪው ጎን በድንጋይ ላይ አስደግፎ ማንሳት፣ ከዚያም የፊተኛው እግር መሬት ከነካበት ምስል ጀምሮ ኳሱ ከጣት እስከተለቀቀበት ያሉትን መቁጠር ነው። በሠልጣኝ የቤዝቦል ወርዋሪ ላይ ጊዜው የሴኮንድ አንድ ሰባተኛ ያህል ስለሆነ ወደ 34 ምስሎች ይመጣሉ። በቀበቶውና በማልያው ደረት ላይ በነጭ ፕላስተር አንዳንድ አግድም መስመር ቢለጠፍ፣ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ መዞር እንደጀመረና በስንት ምስል እንደቀደመ ማንም ሊቆጥረው ይችላል።